አንድ መጋዘን፣ አንድ ቁልፍ፦ በምዕራብ ጎጃም በአንድ ቀበሌ በማዳበሪያ ሥርጭት ላይ የተፈጸመ ሙስና (የጉዳይ ጥናት)

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ይህ ጽሑፍ በ2013 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎጃም በአንድ ወይና ደጋ ቀበሌ፣ በገበሬዎች መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ የተፈጸመን የማዳበሪያ ምዝበራ፣ ምዝበራው የተገለጠበትን መንገድና ከዚያ በኋላ የተሞከሩትን ማስተካከያዎች ይመዘግባል። የማኅበሩን ሒሳብ እንዲመረምሩ ከተላኩት ሦስት ኦዲተሮች አንዱ እኔ ነበርሁ። የቀበሌው፣ የማኅበሩና የሰዎቹ ስም ሆን ተብሎ አልተጠቀሰም፤ የተጎዱት፣ የተከሰሱትና ጥቆማ የሰጠው ወጣት ቤተሰቦች ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ፣ በአንድ ደጀ ሰላም የሚገናኙ ጎረቤታሞች ናቸውና።

ስለ ሙስና ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ትልልቅ ጨረታዎችና ስለ ከተማ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ትራንስፓረንሲ ኢንተርናሽናል ባወጣው የሙስና ግንዛቤ መለኪያ ኢትዮጵያ ከ100 ነጥብ 37 አግኝታለች (100 ከሙስና የጸዳ ማለት ነው)፤ ይህ መለኪያ የሚጠናቀረው ከባለሙያዎችና ከንግድ ሰዎች ግምት ስለሆነ፣ ነጠላዋን ተከናንባ በመጋዘን በር ላይ ሌሊቱን ያሳለፈች እናት የምታውቀው ሙስና በዚያ ቁጥር ውስጥ በቀጥታ አይታይም። እኔ ግን ሙስና እንዴት እንደሚጀምርና አንድን መንደር ምን እንደሚያደርገው በቅርብ ያየሁት እዚያው በር ላይ ነው።

ዳራ

ቀበሌው በቆሎ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳና በርበሬ የሚያመርት ነው። መሬቱ ለዘመናት ያለ ዕረፍት የታረሰና በብዙ ቦታ አሲዳማ የሆነ ቀይ አፈር ስለሆነ፣ ያለ ማዳበሪያ የተዘራ በቆሎ ገና ጉልበት ሳይደርስ ቢጫ ይሆናል። የአብዛኛው አባወራ ይዞታ ከአራት ቃዳ፣ ማለትም ከአንድ ሄክታር አይበልጥም። ገበሬው ለአንድ ቃዳ በቆሎ በዘር ጊዜ ግማሽ ኩንታል ኤንፒኤስ (ናይትሮጂን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለበት ማዳበሪያ)፣ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ደግሞ ግማሽ ኩንታል ዩሪያ ይጨምራል። ስለዚህ ማዳበሪያ በዓመት ውስጥ የሚፈለገው በሁለት አጫጭር ጊዜያት ብቻ ነው፤ ዘር አፈር ከገባ ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጣ ኤንፒኤስ ለዚያ ማሳ እንዳልመጣ ይቆጠራል።

ማዳበሪያው በመንግሥት ድርጅት በኩል ከውጭ ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ ይገባል፤ ከዚያም ለዩኒየኖች (መሠረታዊ ማኅበራት ተባብረው ለሚያቋቁሟቸው ማኅበራት)፣ ከዩኒየኖችም ለመሠረታዊ ማኅበራት ይከፋፈላል። የመሸጫ ዋጋው ከላይ የሚወሰን ነው። በቀበሌው የልማት ሠራተኛው የየገበሬውን ፍላጎት ይመዘግባል፣ የቀበሌው አስተዳደር ዝርዝሩን ያጸድቃል፣ የማኅበሩ ንብረት ያዥ ደግሞ በዝርዝሩ መሠረት ያድላል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ጠቅላላ ጉባኤ በየዓመቱ እንዲጠራ፣ ሒሳብ እንዲመረመርና የቁጥጥር ኮሚቴ እንዲኖር ያዛል። በዚህ ማኅበር ግን ጠቅላላ ጉባኤ ከተጠራ ሁለት ዓመት፣ ሒሳብ ከተመረመረ አራት ዓመት አልፎ ነበር። የቁጥጥር ኮሚቴው ሰብሳቢ የሥራ ድርሻው ምን እንደሆነ ስንጠይቀው «ስብሰባ ሲጠሩኝ መገኘት ነው» አለን።

እዚህ ላይ አንድ የአካባቢው ትዝታ መጠቀስ አለበት። ጎጃም ሹም የሚያመጣውን ወረቀት የሚፈራበት ረጅም ምክንያት አለው። በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር የተነሣ የሞጣ፣ የቢቸናና የዳሞት ገበሬ ሲያምፅ፣ አንዱ ምክንያት የግብር ገማቾቹ ሥራ የመሬት መለካትና ርስት የመንጠቅ መጀመሪያ ነው የሚል ሥጋት ነበር። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ የመሬት ድልድል በተደረገ ጊዜ ደግሞ «ቢሮክራት» እና «የፊውዳል ቅሪት» ተብሎ በዝርዝር የተጻፈ ሰው ከአንድ ሄክታር በላይ የነበረው መሬት ተወስዶበታል። በዚያ ድልድል ያለፉት ሽማግሌዎች ዝርዝር የያዘ ሰው እጅ ላይ ምን እንዳለ ጠንቅቀው ያውቃሉ። በማዳበሪያው ጉዳይም «ዝርዝሩን አሳየን» ብሎ የጠየቀ ሰው ለዓመታት ያልተገኘው፣ እንደ እኔ ግምት፣ ገበሬው ግድ ስለሌለው ሳይሆን ከዝርዝር ጋር መጣላት ምን እንደሚያስከትል ስለቀመሰ ነው።

ችግሩ እንዴት ተገለጠ

አሥረኛ ክፍል የጨረሰ አንድ ወጣት በሰኔ ሚካኤል ማግስት የታመመ አባቱን ወክሎ ማዳበሪያ ሊወስድ ወደ መጋዘኑ ሄደ። ንብረት ያዡ በወረፋው ሰው ተጨናንቆ ስለነበር «ስሙን አንተው ፈልግ» ብሎ መዝገቡን ሰጠው። ወጣቱ በጎጣቸው ሥር የአባቱን ስም ሲፈልግ ከሱ በላይ የአያቱን ስም አየ። አያቱ በ2010 ዓ.ም. አርፈዋል። ከስማቸው ትይዩ ሁለት ኩንታል ኤንፒኤስ መውሰዳቸው ተጽፎ የአውራ ጣት አሻራ ተቀምጦበታል።

ወጣቱ እዚያው አልጮኸም። አባቱን አማክሮ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት በቃል አመለከተ። ወረዳው ንብረት ያዡን ከቦታው አንሥቶ ሌላ ሰው እንዲተካ አደረገ፤ ለጊዜው ጉዳዩ ያበቃ መሰለ። በሐምሌ ዩሪያ ሲመጣ አዲሱ ንብረት ያዥ ያው መዝገብ፣ ያው ቁልፍና ያው ደንበኛ ነጋዴ ጠበቁት። በአንድ ወር ውስጥ 31 ኩንታል ዩሪያ ጎደለ። እኛ የተላክነው ከዚህ በኋላ፣ በነሐሴ ነው።

ምርመራው ስድስት ቀን ፈጀ። ለማኅበሩ ከደረሰው 860 ኩንታል ኤንፒኤስ ውስጥ 94 ኩንታሉ በአግባቡ አልወጣም፤ ከእያንዳንዱ ዘጠኝ ኩንታል አንዱ ማለት ነው። ከዚህም 58 ኩንታሉ በ71 የማይገባ ስም የወጣ ሲሆን፣ 44ቱ የሞቱ ወይም ከቀበሌው የለቀቁ፣ 27ቱ ደግሞ ሁለት ጊዜ የተጻፉ ሰዎች ነበሩ። ቀሪው 36 ኩንታል ምንም ደረሰኝ አልነበረውም።

በአራተኛው ቀን የሥራ ባልደረባዬ መዝገቡን ወደ መስኮቱ አስጠግታ ስታይ በአንዱ አሻራ መሐል ከግራ ወደ ቀኝ የሚያልፍ ቀጭን ነጭ መስመር አስተዋለች። ቀለም ያልያዘ ጠባሳ ነው። ገጹን ገለጥን፤ ሌላው አሻራ ላይም ያው መስመር አለ። ከ71ዱ ስሞች በ29ኙ ላይ ያንኑ ጠባሳ አገኘነው። አውራ ጣቱ በማጭድ የተቆረጠ፣ በመጋዘኑ ጭነት እያወረደ የሚያድር አንድ የቀን ሠራተኛ ነበር። ስንጠይቀው አልካደም፤ ለአንድ አሻራ አሥር ብር ይሰጡት እንደነበረ፣ ፊደል ስለማይቆጥር በማን ስም እንደሚፈርም እንደማያውቅ ነገረን። ሙታን የተባሉትን ስሞች ስናነብለት ከመካከላቸው የክርስትና አባቱን ስም ሰምቶ አንገቱን ደፋ።

ምን ገፋቸው

የመጀመሪያው ምክንያት የዋጋ ልዩነት ነው። በዚያ ሰኔ አንድ ኩንታል ኤንፒኤስ በወረዳው ከተማ ጓሮ ለጓሮ የሚሸጥበት ዋጋ ከማኅበሩ ዋጋ እጥፍ ሊደርስ ተቃርቦ ነበር። የንብረት ያዡ የወር ደመወዝ ደግሞ አንድ ኩንታል ጤፍ አይገዛም። ሁለት ኩንታል ማዳበሪያ ወደ ጎን ቢያደርግ ከአንድ ወር ደመወዙ በላይ ያገኛል። በዚህ ላይ መጋዘኑ አንድ፣ ቁልፉ አንድ፣ መዝገቡም አንድ ነበር፤ ሦስቱም በአንድ ሰው እጅ ነበሩ። ከላይ የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ «ሥርጭቱ ስንት በመቶ ተጠናቀቀ?» የሚል ብቻ ነው። ለማን ተሰጠ ብሎ የጠየቀ የለም። የሞተ ሰው ማዳበሪያ ሲወስድ ሪፖርቱ ቶሎ መቶ በመቶ ስለሚሞላ፣ ሐሰተኛው ስም ለሪፖርቱም ይጠቅም ነበር።

ይህ ግን ሙሉ ታሪኩ አይደለም። የመጀመሪያው ንብረት ያዥ ቃሉን ሲሰጥ ያለን ነገር ከሁሉ በላይ አስተማረኝ። የመጀመሪያዋን ከረጢት ያወጣት ለሽያጭ አልነበረም። የእናቱ እኅት በምዝገባው ቀን ልቅሶ ላይ ስለነበረች ስሟ ሳይጻፍ ቀረ፤ መጋዘኑ በር ላይ መጥታ አለቀሰች። «አክስቴ እያለቀሰች ስሟ የለም ብዬ ብመልሳት በየት በኩል አገር እገባለሁ?» አለን። ስለዚህ በአንድ የሞተ ሰው ስም ሰጣት። በማግስቱ የቀበሌው ኃላፊ ይህን ሰምቶ «ለእኔም እንግዳ አለብኝ» አለው፤ እምቢ ማለት አልቻለም፣ የአክስቱን ነገር ያውቅበታላ። በሦስተኛው ሳምንት ነጋዴው መጣ። የልማት ሠራተኛው ዝርዝሩን ማጥራት ሲገባው ዝም አለ፤ ዝምታውም ዋጋ ተከፈለበት። በይሉኝታ የተከፈተች ቀዳዳ በገንዘብ ሰፋች።

በአካባቢው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን አነጋገር የማያውቅ የለም፤ ብዙዎች እንደ ምክር ይናገሩታል። በቃለ መጠይቃችን ወቅት ካነጋገርናቸው ወጣቶች አንዳንዶቹ ነጋዴውን «ጎበዝ» ይሉት ነበር። ሰጪው ጉቦ ብሎ አይጠራውም፤ «ለሻይ» ወይም «እጅ መንሻ» ይለዋል። በአክብሮት የሚሰጥ ስጦታና መብትን ለማግኘት የሚከፈል ገንዘብ በአንድ ቃል ሲጠሩ፣ የሚቀበለው ሰው ኅሊናውን ለማሳረፍ ብዙ አይቸገርም።

ያስከተለው ጉዳት

ጉዳቱ በኩንታል ብቻ አይቆጠርም። ሦስት ልጆች የምታሳድግ አንዲት እማወራ ሁለት ቃዳ መሬት አላት። ሦስት ጊዜ ወረፋ ይዛ ሦስቱንም ጊዜ «አለቀ» ተብላ ተመለሰች። ሁለት በጎቿን ሸጣ አንዱን ከረጢት ከነጋዴው ገዛች። ከረጢቱ የማኅበሩ ነበር፤ ገና የመጋዘኑ ጠመኔ ምልክት አልለቀቀም። ሁለተኛውን ቃዳ ማዳበሪያ ላለው ጎረቤት ለእኩል ሰጠችው። «ልጄ፣ መሬቱም የእኔ፣ ማዳበሪያውም የእኔ ነበረ፤ ግማሹን እህል ግን ሰው ወሰደው» ያለችኝ ቃል ከማንኛውም የሒሳብ ሠንጠረዥ ይልቅ ጉዳዩን ይገልጸዋል።

አባላት ተቀማጫቸውን ከማኅበሩ ማውጣት ጀመሩ። በአንድ ጎጥ የነበረ ሰንበቴ፣ ከአባላቱ አንዱ የንብረት ያዡ ወንድም ስለነበር፣ ለሁለት ተከፈለ። እንዲሁ በድካሙ ጥሩ ምርት ያገኘ ገበሬ እንኳ «ከየት አመጣው?» ተብሎ ይታማ ጀመር። በእኔ እምነት ሙስና በመንደር ላይ የሚያደርሰው ትልቁ ጉዳት ይህ ነው፤ ንጹሑም ሰው ንጽሕናውን የሚያሳይበት መንገድ ያጣል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ከእኛ በፊት የተሞከሩት ሁለት ነገሮች አልሠሩም። የጥቆማ ሳጥን በማኅበሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ በሁለት ወር ውስጥ የገባበት አንድ ወረቀት ብቻ ነው፣ እሱም ባዶ ነበር። መጻፍ የሚችለው ሰው ጥቂት፣ የእጅ ጽሑፉም በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ሳጥኑን የሚከፍተውም ያው ንብረት ያዡ ነበር። ሰውየውን መለወጡም ምን እንዳስከተለ ከላይ አይተናል።

ከምርመራው በኋላ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ሽማግሌዎች የማኅበሩ ኮሚቴ አባላት በሙሉ በታቦት ፊት እንዲምሉ ሐሳብ አቀረቡ። የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ግን እንዲህ ሲሉ አልተቀበሉትም፦ «ለማዳበሪያ ብዬ የሰው ነፍስ አላስይዝም። ስሙን ግን ደጀ ሰላም አምጡና አንብቡት። ሙታኑን የፈታናቸው እኛ ነን፤ ማን እንዳለ ማን እንደሌለ እንነግራችኋለን።» ጉባኤው ይህን ተቀብሎ ሌሎች ውሳኔዎች ጨመረበት።

በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. የፍላጎት ዝርዝሩ በሁለት ተከታታይ እሑዶች ከቅዳሴ በኋላ በጎጥ በጎጥ እየተከፈለ ጮክ ተብሎ ተነበበ፤ በቀበሌው ጥቂት ሙስሊም ቤተሰቦች ስላሉ በገበያ ቀንም ተደገመ። «ማን ያርዳ የቀበረ» እንደሚባለው፣ ካህናቱና የእድር ዳኞቹ ስም እየሰሙ ያርሙ ነበር። በመጀመሪያው እሑድ 52 ስሞች ተሰረዙ፤ 19 ያልተጻፉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ እማወራዎች፣ ገቡ። መጋዘኑ ሁለት ቁልፍ ተበጀለት፤ አንዱን ንብረት ያዡ፣ ሁለተኛውን ከየጎጡ በየሳምንቱ የሚቀያየር ተወካይ ያዘ። ሥርጭቱ በጎጥ ተራ ወጥቶለት በአምስት ቀን እንዲያልቅ ተወሰነ።

ከዚሁ ጎን የወንጀሉ ጉዳይ ወደ ፍትሕ አካላት ተላለፈ። የኮሚቴው አባላት መጀመሪያ ላይ «እኛ የመንግሥት ሠራተኞች አይደለንም፣ ሙስና አይመለከተንም» ብለው ተከራክረው ነበር። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ግን ከአባላት ወይም ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብና ንብረት የሚያስተዳድሩ ሕዝባዊ ድርጅቶችንም ይሸፍናል፤ እድርንና መሰል ባህላዊ ማኅበራትን ግን አይሸፍንም።

የሠራውና ያልሠራው

ዝርዝሩን በአደባባይ ማንበቡ ከተሞከረው ሁሉ በላይ ሠራ። በ2014 ዓ.ም. የዘር ወቅት ከመዝገቡና ከመጋዘኑ ቆጠራ መካከል የተገኘው ልዩነት ሦስት ኩንታል ብቻ ሲሆን፣ እሱም በተቀደዱ ከረጢቶች የፈሰሰ መሆኑ ተረጋግጧል። ያልጠበቅነው ውጤትም ነበር። ሦስተኛው ንብረት ያዥ ሥራው እንደ ቀለለው ነገረን፤ ዘመድ መጥቶ ሲለምነው «ስምህ ደጀ ሰላም አልተነበበም፣ ቁልፉም በእኔ እጅ ብቻ አይደለም» ብሎ በሰላም ይመልሰዋል። የመጀመሪያው ሰውዬ ለአክስቱ የሚሰጣት እንዲህ ያለ መልስ አጥቶ ነበር የወደቀው።

ክሱ ግን አላረካኝም። የተከሰሱት ሦስት ናቸው፦ ሁለቱ ንብረት ያዦችና ያ አውራ ጣቱ ጠባሳ ያለበት የቀን ሠራተኛ። ንብረት ያዦቹ ተፈርዶባቸዋል። የቀን ሠራተኛው የዐቃቤ ሕግ ምስክር ሆኖ እስኪለቀቅ ድረስ ሰባት ወር ታስሯል፤ ከሁሉም ያነሰ የበላውና ከሁሉም ቀድሞ እውነቱን የተናገረው እሱ ነበር። የቀበሌው ኃላፊና የልማት ሠራተኛው የፈረሙት ወረቀት ስላልተገኘ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩ። ማዳበሪያውን በእጥፍ ዋጋ የሸጠው ነጋዴ ለምስክርነት እንኳ አልተጠራም።

የከፋው ስሕተት ደግሞ የእኛ የኦዲተሮቹ ነው። ለወረዳው በጻፍነው የመጀመሪያ ደብዳቤ ላይ የወጣቱን ስም «ጥቆማ አቅራቢ» ብለን ጠቀስን። ደብዳቤው በደረሰ በሁለተኛው ቀን ቀበሌው ሁሉ ያውቀው ነበር። የአባቱ ቤት በዚያ ነሐሴ ለጤፍ የሚሆነውን የመጨረሻ የዩሪያ ድርሻ አላገኘም፤ ስማቸው «ተረስቶ» ነበር። ሰላምታ የከለከሉት ጎረቤቶችም ነበሩ፤ በመስከረም ወጣቱ ለቀን ሥራ ወደ ባሕር ዳር ሄደ። የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ከወጣ ያኔ አሥር ዓመት አልፎት ነበር፤ ሆኖም በቀበሌው ስለ ሕጉ የሰማ ሰው አልነበረም፣ እኛም የምናውቀው ሆነን ለልጁ አልነገርነውም። በኋላ በአካል ሄጄ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ለሌሎች የሚተርፉ ትምህርቶች

በሌላ ቀበሌ ወይም በሌላ አገልግሎት ተመሳሳይ ጉዳይ የሚገጥመው ባለሙያ ከሰውየው በፊት ዝርዝሩን ቢመለከት እመክራለሁ። ስሞቹን ከማን ጋር ማመሳከር እንደሚቻል መጠየቅ ያስፈልጋል። በዚህ ጉዳይ የሟቾችን መዝገብ በቃላቸው የያዙት ካህናትና የእድር ዳኞች ነበሩ፤ በሌላ ቦታ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም መምህሩ ሊሆኑ ይችላሉ።

የሥርጭቱ ርዝመትም ራሱን የቻለ አደጋ ነው። በ2013 ዓ.ም. ሥርጭቱ 31 ቀን ሲፈጅ፣ የዘሩ ጊዜ እየጠበበ በሄደ መጠን የጓሮው ዋጋ ይንር፣ የንብረት ያዡም ፈተና ይከብድ ነበር። ወደ አምስት ቀን ማሳጠሩ ለነጋዴው መደራደሪያ ጊዜ አልሰጠውም።

ጥቆማ የሚቀበል ሰው የጠቋሚውን ስም በምንም ደብዳቤ ላይ እንዳያሰፍር፤ ሊያሰፍር የግድ ከሆነም አስቀድሞ ባለቤቱን ይጠይቅ። የጠቋሚው ቤተሰብ በቀጣዩ ሥርጭት ድርሻውን ማግኘት አለማግኘቱን መከታተልም የምርመራው አካል መሆን አለበት፤ የበቀሉ መንገድ ዱላ ሳይሆን ያው ዝርዝር ነው።

ይሉኝታን በስብከት ለማጥፋት መሞከር ከንቱ ድካም ይመስለኛል። ሰው ለዘመዱ ማዘኑ ጥፋት አይደለም። ሥራው የሚፈልገው ንብረት ያዡ ዘመዱን ሳያስቀይም እምቢ የሚልበትን ደንብ መሥራት ነው፤ ሁለተኛው ቁልፍና የአደባባዩ ንባብ ያንን ሰጥተውታል።

የዚህ አሠራር ወሰን በ2015 ዓ.ም. ታይቷል። በዚያ ዓመት በክልሉ በብዙ ቦታ የማዳበሪያ እጥረት ደርሶ ለቀበሌውም ከጠየቀው ግማሽ ያነሰ ነበር የመጣለት። ዝርዝር ማንበብ የሌለውን ማዳበሪያ አያመጣም። ገበሬዎቹ ደጀ ሰላም ተሰብስበው ሲከራከሩ ዋሉ፤ ሁለት ጎጦች ሊደባደቡም ደርሰው ነበር፤ በመጨረሻ አንድ ከረጢት ለሁለት አባወራ እንዲካፈል ተስማሙ። ማካፈሉ በመጋዘኑ በር ላይ በተንጠለጠለ ሚዛን ሦስት ቀን ፈጀ። ሁለት በጎቿን ሸጣ የነበረችው እማወራ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሃያ አምስት ኪሎዋን በልጇ ጀርባ አሸክማ ወጣች። የወጣቱ አባት ስምም በጎጡ ተራ ሰባተኛ ሆኖ ተጠርቷል፤ ድርሻቸውን የወሰደላቸው ከባሕር ዳር ለዘር የመጣው ልጃቸው ነው።